ጭረት የሌለበት መነጽር

በሽኝቴ ዕለት ጋቢ አለበሱኝ፣ የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ፣ ከዚያ ኃላፊያችን ተነሥቶ ስለ እኔ መናገር ጀመረ። ልጁ አንደበተ ርቱዕ ነው፤ እኔ ሥራ ስጀምር ገና ዳዴ ይል እንደሆነ ነው። «ሲስተር አበበች የሕፃናትን የዓይን ድካም ለመግታት በዚህ አካባቢ የተሞከረውን ልዩ መነጽር ከፊት ሆነው የመሩ ባለውለታችን ናቸው» ሲል አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ሰዉ ትሕትና መሰለው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

ቀና ስል ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ወፍራም መነጽር ያደረገች ሴት ትንሽ ልጅ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ከሰዉ ጋር ስታጨበጭብ አየሁ። ወዲያው አወቅኋት። አስናቀች ናት፤ የሸዋ ቤንቿ የባዩሽ ልጅ። ያ ልዩ መነጽር ከተሞከረባቸው ልጆች አንዷ እሷ ነበረች። ኃላፊው የሚያወራለት ነገር እንዴት እንዳለቀ በዚያ አዳራሽ ውስጥ የምናውቀው እኔና እሷ ብቻ ነን። እሷ ደግሞ ታጨበጭባለች።

ጡረታ የወጣ ሰው ሲያወራ ዘመኑን ሁሉ በጉብዝና ይሞላዋል። እኔም እንደዚያ ማውራት አያቅተኝም፤ አፍ እንደሆነ አላነሰኝም። ግን ከዚያ ጭብጨባ ወዲህ ራሴን ታዝቤዋለሁና የሆነውን እንደሆነው ላውራ።

ሥራ የጀመርኩት ቱም በምትባል ሩቅ ከተማ ነው። ደርግ ወድቆ ብዙም ሳይቆይ፣ ከነርስ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ፣ እዚያ መደቡኝ። ደመወዝ ሲመጣ ይመጣል፤ መንገዱ በዝናብ ሲቆረጥ ደመወዙም መድኃኒቱም አብረው ይቀራሉ። ዓይኑን ያመመው ሰው ሁሉ የሚያገኘው ያው አንድ ዓይነት ቅባት ነበር። አንድ ቀን አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣችና «ይቺ ልጅ ሩቁን አታይም፤ ከብት ሲመጣባት እንኳን ካልቀረባት አትሸሽም» አለችኝ። ቅባት ሰጥቼ ሸኘኋት። ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረም። ግን ቅባቱን ስሰጣት እጄ እያፈረ ነበርና የዓይን ሥልጠና ማስታወቂያ ሲለጠፍ ቀድሜ የተመዘገብኩት እኔ ነኝ። ጅማ ሠልጥኜ ስጨርስ ቴፒ ተመደብኩ፤ እዚያ ጋሽ ሰይፉ እጅ ላይ ወደቅሁ።

ጋሽ ሰይፉ የመነጽር ባለሙያ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቶሎ ቱግ የሚሉ ሰው። ከትልቅ ሰው ጋር ሲጨቃጨቁ ይውሉና ልጅ ሲገባ ድምጻቸው ይለወጣል። ከወንበራቸው ወርደው አጭር በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ፣ ዓይናቸው ከልጁ ዓይን ጋር እኩል እስኪሆን። እኔ ቆሜ ልለካ ስሞክር ጋውኔን ጎትተው ያስቀምጡኝ ነበር። «ቀና ብሎ ካየሽ ልክሽ ይበላሻል። አንቺ ውረጂ እንጂ እሱ ለምን ይንጠራራ?»

ሬቲኖስኮፕ የምትባለዋን የብርሃን መመርመሪያ ጅማ ተምሬያታለሁ፤ በእሷ ማየት የቻልኩት ግን ቴፒ ነው። ክፍሉ ይጨልማል፤ ልጁ ሩቅ ያለውን ሠንጠረዥ ያያል። ቀጭኗን የብርሃን መስመር በብሌኑ ላይ ወዲያና ወዲህ ማሳለፍ ነው። ከውስጥ ቀላ ያለ ነጸብራቅ ይመለሳል። ነጸብራቁ ከብርሃኑ በተቃራኒ ከሸሸ ያ ልጅ ሩቁን አያይም። ከዚያ ከሣጥኑ ሌንስ እያነሡ ከዓይኑ ፊት መደርደር ነው፣ ነጸብራቁ መሸሹን ትቶ ብሌኑ በአንድ ጊዜ ቦግ እስኪል። ልጁ አንድ ቃል ሳይናገር የሚያስፈልገው ሌንስ ይታወቃል። ያቺን ቦግ ማለት መጀመሪያ በራሴ እጅ ሳገኛት ጋሽ ሰይፉ «እንግዲህ ሥራ ጀመርሽ» ብለው ሻይ ጋበዙኝ።

ከልማዳቸው ሁሉ አንዱን ግን በደንብ ልንገራችሁ። መነጽር ያለው ልጅ ለክትትል ሲመጣ፣ መነጽሩን በሁለት እጃቸው ከፊቱ ያወልቁና ሳያዩት ጠረጴዛው ላይ ያኖሩታል። የሚያዩት የልጁን አፍንጫ ነው። መነጽር የሚያደርግ ሰው አፍንጫው ግራና ቀኝ ስርጉድ ያለ ምልክት ያወጣል፤ ከጆሮው ጀርባም ቆዳው ጠንከር ይላል። እሱን ካዩ በኋላ ነው መነጽሩን አንሥተው ማጠፊያው ላይ የላብ ዝገት የሚፈልጉት፣ ሌንሱን ወደ መስኮት ይዘው ጭረቱን የሚያዩት። «የልጅ መነጽር ካልተቧጠጠ ልጁን ጠይቂ» ይሉኝ ነበር። «እናቱን አይደለም፣ ልጁን። ለብቻው።» በቡና እርሻ ሠራተኞች ልጆች ላይ ይህን ስንት ጊዜ እንዳደረግሁት እኔ ነኝ የማውቀው። አላውቅም ነበር ብዬ የማመልጥበት ቀዳዳ የለኝም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሚዛን ከተማ ተዛውሬ የዓይን ክፍሉን ለብቻዬ ተረከብኩ። ጋሽ ሰይፉ ቴፒ ቀሩ። ራሴን ስችል ልቤ አበጠ። ጋውኔን በስታርች የማስተኩስ፣ በረንዳ ላይ ሰው ሲንጫጫ በር ከፍቼ በዓይኔ ብቻ ጸጥ የማሰኝ ሰው ሆንኩ።

ከአዲስ አበባ የዓይን ሐኪሞች የመጡት በዚያን ጊዜ ነው። ያመጡት ነገር ለእኔም አዲስ ነበር። ሩቁን የማያይ ልጅ ቁመቱ ሲጨምር የዓይኑም ችግር ይጨምራል፤ በየዓመቱ ሌንሱ እየወፈረ ይሄዳል። ተራ መነጽር እንዲያይ ይረዳዋል እንጂ ጭማሪውን አያቆምለትም። ሐኪሞቹ የያዙት ሌንስ ከላይ ለሩቅ የሚሆን፣ ከታች ደግሞ ግማሽ ጨረቃ የመሰለች ለንባብ የምትሆን ክፍል ያለችው ነው። አዛውንቶች የሚያደርጉት ዓይነት ነው፤ እነሱ ግን ለልጅ አሠሩት። ልጁ በታችኛዋ በኩል ሲያነብ ዓይኑ አይጨናነቅም፣ ምናልባትም ጭማሪው ቀስ ይልለታል የሚል ሐሳብ ነበራቸው። ምናልባት ነው። ለዚህ ነው ሙከራ የተባለው። ለአንዳንዶቹ ልጆች ተራውን፣ ለአንዳንዶቹ ልዩውን ሰጥተን ሁለት ዓመት በየመንፈቁ መለካት ነበረብን። ዋናው ትእዛዝ አንድ ነው፦ ልጁ ከእንቅልፉ ሲነሣ ያደርገዋል፣ ሲተኛ ያወልቀዋል። ካልሆነ ልኬቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

ማስተካከሉ የእኔ ሥራ ነበር፤ እሱን እንኳን በደንብ ነው የሠራሁት። የጨረቃዋ አናት ከብሌኑ ሥር ካልዋለ ልጁ በላይዋ አሻግሮ ያነብባል። ፍሬሙ በአፍንጫው ላይ ከተንሸራተተም ያው ነው። እጀታውን በጋለ አሸዋ እያሞቅሁ ከእያንዳንዱ ልጅ ጆሮ ጋር እስኪስማማ አጠፍኩት። ልጁን ዝለል፣ ራስህን ነቅንቅ እያልኩ እፈትነዋለሁ። መነጽሩ ካልወደቀ ያልፋል።

አስናቀች ልዩው ከደረሳቸው ናት። ከሸዋ ቤንች እናቷ ባዩሽና አባቷ ከበደ ይዘዋት መጡ፤ ቡና የሚያለሙ፣ ቤንችኛ ተናጋሪ፣ አማርኛቸው አጭርና ጨዋ የሆነ ሰዎች። ልጅቷ ማንበብ ትወዳለች ከማለት ማንበብ ያማታል ማለት ይቀላል። ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ አስተካክላ ታነባለች። የመድኃኒቴን ካርቶን አፍንጫዋን አስጠግታ ስታነብ ያዝኳት። ትምህርት ቤት ግን ሰሌዳው ስለማይታያት ከወንበሯ ተነሥታ ወደ ፊት እየሄደች ነበር የምትገለብጠው፤ አስተማሪዋ ረባሽ ነሽ ብሎ ጀርባዋን እየመታ ይመልሳት ነበር። መነጽሩን ሳደርግላት በሩ ላይ ቆመች። አባቷ መንገዱን ተሻግሮ ሲመጣ አየችና ዞር ብላ «ሲስተር፣ ያ አባቴ ነው? እኔ እኮ ሁልጊዜ በሳሉ ነው የማውቀው» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። ይቺ ልጅ እንዲህ እያየች ትምህርቷን እንድትዘልቅ ሙከራው እንዲሠራላት ከልቤ ተመኘሁ።

ከዚያ አፌን ከፈትኩ። እናቶቹን በረንዳ ላይ ሰብስቤ እንዲህ አልኳቸው፦ «ይህ መነጽር እንዲህ በቀላሉ የሚገኝ እንዳይመስላችሁ። ከውጭ አገር የመጣ ነው። ከተሰበረ ሌላ የለም። ከተቧጠጠ ተበላሸ ማለት ነው። ወድቆ ተሰበረ ብላችሁ ብትመጡ እንዳላያችሁ፤ ጠብቁት!» ሐኪሞቹ ይህን በሉ አላሉኝም። በእርግጥ ትርፍ ሌንስ ጥቂት ነበርና ጠንቀቅ በሉ ብለዋል። ቁጣውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ሁልጊዜ ያድርጉት የሚለውንም ተናግሬ ነበር፤ ግን አንድ ጊዜ፣ በረጋ ድምጽ። የተቆጣሁበትን ነው ይዘው የሄዱት።

የዚህን አገር ቤት የሚያውቅ ቀጥሎ የሆነውን ይገምታል። ጥሩ ነገር ሣጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው። አዲስ ጫማ፣ የመስቀል ቀሚስ፣ ዘመድ ከከተማ የላከው ሻርፕ፣ ሁሉም ሣጥን ውስጥ ገብቶ ለበዓልና ለክብር ቀን ይወጣል። ጭቃና ዝናብ በማይለይበት አገር ጥሩ ነገር የሚያዘወትር ሰው ዕቃ አያውቅም ይባላል። እኔም ያደግሁት እንዲሁ ነው። ይህን መገመት ነበረብኝ።

በመጀመሪያው ልኬት ዕለት ልጆቹ ተቀባብተውና ተለባብሰው መጡ። መነጽሩ ሁሉም ፊት ላይ ያበራል። የአስናቀችን አውልቄ ወደ መስኮቱ ያዝኩት። አንድ ጭረት የለም። ልቤ በደስታ ዘለለ፤ ጋሽ ሰይፉ ያስተማሩኝን ነገር ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ወደ በረንዳው ወጣሁና መነጽሩን ከፍ አድርጌ ለእናቶቹ አሳየሁ። «ዕቃ መያዝ እንዲህ ነው! ባዩሽን እዩ፣ እንደ ባዩሽ ሁኑ።» ባዩሽ በሀፍረት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሌሎቹ እናቶች እሷን ከበው በቤንችኛ ሲጠይቋት አየሁ። ምን እንዳለቻቸው ያን ጊዜ አልገባኝም። ልጅቷን በእናቷ ፊት «ታደርጊዋለሽ አይደል?» አልኳት። እናቷን አየት አድርጋ «አዎ» አለች። አፍንጫዋን አላየሁም።

የሙከራው ዋና ሐኪም በሚቀጥለው ጉዞአቸው «ልጆቹ በትክክል ያደርጉታል?» ሲሉኝ «ዶክተር፣ አንድም ጭረት የለባቸውም» አልኳቸው። ደስ አላቸው። ሌሎች ቦታዎች መነጽር እየተሰበረ፣ እየጠፋ አስቸግሯቸው ነበርና የእኔን እንደ ምሳሌ አነሡት። በዚያው ሰሞን ጋሽ ሰይፉ ለጡረታ ጉዳያቸው ሚዛን መጡና ቤቴ ምሳ በላን። ስለ ሙከራው አወራሁላቸው፤ ስለ ጥራቱ፣ ስለ ንጽሕናው፣ ሐኪሙ ስላሉኝ ነገር። ሰምተውኝ ሲያበቁ «አፍንጫቸውስ?» አሉ። «ጋሽ ሰይፉ ደግሞ፣ አፍንጫ!» ብዬ ሳቅሁ። እሳቸውም ፈገግ ብለው ወደ ምሳቸው ተመለሱ። ዛሬ ያቺ ሳቄ ትዝ ስትለኝ ብቻዬን ቤት ውስጥ ሆኜ ፊቴን እሸፍናለሁ።

በሁለተኛው ልኬት የአስናቀች ዓይን ብሶ ተገኘ። ደጋግሜ ለካሁ፤ ጠብታ ጨምሬ ጠብቄ ለካሁ። ነጸብራቁ እየሸሸ ከሣጥኑ ሌንስ በሌንስ ላይ አስጨመረኝ። ሌሎቹም ልጆች አልተሻላቸውም። ቆሽቴ አረረ። መነጽሩ ንጹሕ ነው፣ እኔ በትክክል አስተካክያለሁ፣ እንግዲህ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው ማለት ነው። የማን? የልጅቷ። በሥልጠናው ላይ ብዙ አቅርቦ ማየት የዓይንን ችግር ሊያባብስ ይችላል፣ ልጅ ውጭ መዋሉ ይረዳል የሚል ነገር ሰምቼ ነበር። መጽሐፍ ከልክሉ ያለኝ ግን ማንም የለም። እኔ ግን አስናቀችን ፊት ለፊት አቁሜ «ዓይንሽን እያጠፋሽ ያለሽው አንቺ ነሽ» አልኳት። «ያገኘሽውን ወረቀት ሁሉ ስታነቢ ነው ይህ የመጣው። ከዛሬ ጀምሮ መጽሐፍ አትንኪ። ውጭ ዋዪ።» ለአባቷም ደገምኩለት። ከበደ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ «እሺ ሲስተር፣ እንዳሉ» አለኝ። ልጅቷ አላለቀሰችም። ጫማዋን ነበር የምታየው።

በሦስተኛው ልኬት አስናቀች ቀረች። ሌላ ልጅ ቀርቶ ቢሆን ሰው እልክ ነበር፤ እሷ ስለሆነች ራሴ ሄድኩ። የቡና ለቀማ ወቅት ነው። በጭነት መኪና እስከ ሸዋ ቤንች፣ ከዚያ በጭቃው በእግሬ። ቤታቸው ስደርስ ልጅቷ ደጅ የቡና ማድረቂያው አልጋ ላይ ጎንበስ ብላ ፍሬውን በእጇ ትገለብጣለች፤ ጎንበስ ያለችው የተበላሸውን ከደህናው ለመለየት አፍንጫዋ ቡናው ላይ እስኪደርስ ነው። መነጽር የለም። ሰው መምጣቱን ሰምታ ቀና አለች፤ ማን እንደሆንኩ ሳታውቅ ዝም ብላ አየችኝ። «አስናቀች» ስላት ነው በድምጼ ያወቀችኝ።

«ትምህርት ቤት አልሄድሽም?»

«አባቴ ሲስተር ውጭ ትዋል ብላለች ብሎ አስቀረኝ።»

ይህን ስትለኝ እናቷ ወጣች። እንግዳ የመጣባትን ያህል ሳይሆን አለቃ የመጣባትን ያህል ተጣደፈች። ጎደሬ አቀረበች፣ መቀመጫ ጠረገች። «መነጽሯስ ባዩሽ?» አልኩ። ፊቷ በራ። የጠበቀችው ጥያቄ ነው። ወደ ጓዳ ገብታ ሣጥኑን ሳበችው፣ የአንገቷን ቁልፍ አውጥታ ከፈተችው። ከመስቀል ቀሚሷ ሥር፣ በነጠላ ቁራጭ ከተጠቀለለ ነገር ውስጥ መነጽሩን አወጣችና በሁለት እጇ አቀረበችልኝ።

«እንዳሉን ጠብቀነዋል» አለችኝ። «ለበዓልና ለእርስዎ ቀን ብቻ ነው የምናወጣው። ሁሉም እንደ እኔ ነው የሚያስቀምጡት፤ አሳይቻቸዋለሁ።»

መነጽሩን ይዤ ወደ በሩ ብርሃን ዞርኩ። ጭረት የለበትም። ማጠፊያው ላይ ዝገት የለም። ከዚያ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ የልጅቷን አፍንጫ አየሁ። ለስላሳ ነው። መነጽር የሚባል ነገር አርፎበት የሚያውቅ አይመስልም። እናትየው «ጎበዝ» እስክላት ቆማ ትጠብቃለች።

«አንድ ቀን ደብቄ አድርጌው ሄጄ ነበር» አለች አስናቀች ከኋላዬ። «ሰሌዳው በሙሉ ታየኝ። እናቴ ስታውቅ ብትሰብሪውስ ብላ ገረፈችኝ።»

ባዩሽን ምን ብዬ ልቆጣት? ያልኳትን ነው ያደረገችው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ መነጽሩ ቢሰበር ይሻል ነበር፣ ከዛሬ ጀምሮ ታድርገው አልኩ። ደጋግሜ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ስደጋግመው እነሱ ደግሞ ይበልጥ ተጨነቁ። ከበደ ከእርሻ ሲመጣ ልጅቷን ትምህርት ቤት መልሳት ብዬ ለመንኩት። እሺ አለኝ፤ የዚያ ዓመት ትምህርት ግን አምልጧት ነበር። ጎደሬውን ሳልቀምስ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ ሰው እንዳያየኝ ጃንጥላዬን ዝቅ አድርጌ ነው የሄድኩት።

ለሐኪሙ ነገሩን በስልክ ነገርኳቸው። «የሚዛንን ልጆች ውጤቱ ውስጥ ልናስገባቸው አንችልም ማለት ነው» አሉ። አልተቆጡም። ለልጆቹ በአዲስ ልካቸው መነጽር ተሰጣቸው፤ ሙከራው ግን ለእነሱ በዚያው አበቃ። ልዩው ሌንስ አስናቀችን ይረዳት ነበር ወይ? አይታወቅም። ረድቷት ቢሆን ዛሬ የምታደርገው መነጽር ይቀልላት ነበር፤ ባይረዳትም እንኳን ሰሌዳዋን እያየች ትማር ነበር። ለጋሽ ሰይፉ ደግሞ ቴፒ ድረስ ሄጄ ነው የነገርኳቸው። ቱግ እንዲሉብኝ ፈልጌ ነበር። እሳቸው ግን ያቺን አጭር በርጩማቸውን ከአልጋቸው ሥር አውጥተው ሰጡኝ። «ውሰጃት፤ ለእኔ ከእንግዲህ ምን ታደርግልኛለች?» አሉ። በርጩማዋን ጭኜ ስመለስ መኪናው ውስጥ አለቀስኩ።

ሚዛን ግን መቀመጥ አልቻልኩም። ገበያ ስወጣ እናቶቹ ራሳቸው አፍረው ሲሸሹኝ አያለሁ፤ አጥፊዋ እኔ፣ አንገት የሚደፉት እነሱ። ዝውውር ጠይቄ ቴፒ ገባሁና ብዙ ዓመት እዚያ ሠራሁ። የስንቱን ልጅ አፍንጫ እንዳየሁ! ልጅ ከእናቱ ለይቼ ሳልጠይቅ ያሳለፍኩበት ቀን የለም። ሰው ጎበዝ ሲለኝ ግን ከዚያ ወዲህ ወሬ እቀይራለሁ። ለጡረታ ጥቂት ሲቀረኝ ነው ወደ ሚዛን የመለሱኝ። ያን ጊዜ ማሽን ገብቷል፤ ልጁ አገጩን ያስቀምጣል፣ ማሽኑ ይጮኻል፣ ልኩ በወረቀት ይወጣል። ኃላፊው የድሮ ሪፖርት ላይ ስሜን ከሙከራው ጋር አይቶ ነው ያን ንግግር ያዘጋጀው። መጨረሻውን የነገረው ሰው የለም፤ እኔም አልነገርኩትም።

እንግዲህ ሽኝቱ ሲያበቃ፣ ጋቢዬን እንደደረብኩ ኮሪደሩ ላይ አስናቀች ጠበቀችኝ። ትከሻዬን ሳመች። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን አቁማ ቡና ለቀማ መግባቷን፣ አግብታ እዚሁ አጠገብ አማን ከተማ መኖሯን ነገረችኝ። ከዚያ ልጇን ወደ ፊት ገፋ አደረገቻት። «ቃልኪዳን ትባላለች። ለምርመራ መጥተን ሲስተር ዛሬ ትሸኛለች ሲሉን ነው የገባነው። የመጨረሻ ሥራዎ እሷ ትሁን።»

ክፍሌን ከፈትኩ። ማሽኑን ትቼ የጋሽ ሰይፉን በርጩማ ሳብኩና ሬቲኖስኮፔን አነሣሁ። ብርሃኗን በሕፃኗ ብሌን ላይ አሳለፍኩ። ነጸብራቁ ሸሸ። ብዙ አይደለም፤ ገና ጀማሪ ነው። ለአስናቀች ልጇ መነጽር እንደሚያስፈልጋት ነገርኳት።

«እንዴት ይሆናል?» አለች አስናቀች። «እኔ እኮ ጠብቄያታለሁ። መጽሐፍ አላስነካትም። ትምህርት ቤት ካለው በቀር ቤታችን ውስጥ አንድ የሚነበብ ወረቀት የለም። እርስዎ ያኔ እንዳሉኝ ነው ያደረግሁት። ለራሴም እንዲሁ ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርቴ ውጭ አንብቤ አላውቅም።»

ይህን ስትል ልክ እናቷ መነጽሩን በሁለት እጇ አቅርባልኝ እንደቆመችው ቆማ ነበር። ጎበዝ እስክላት።

ያን ዕለት ሸዋ ቤንች ስለ መነጽሩ ስንት ጊዜ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ስለ ትምህርት ቤቱ ለምኛለሁ። ስለ መጽሐፉ ግን አንድ ቃል አልመለስኩም። ከሀፍረቴ ለመሸሽ ስጣደፍ ረሳሁት። እሷ አልረሳችውም።

«አስናቀች» አልኩ። «ያኔ የነገርኩሽ ስሕተት ነው። ዓይንሽ የባሰው በማንበብሽ አልነበረም። የማላውቀውን ነው የተናገርኩት። ተይ፣ ልጅሽ ታንብብ።»

ቃልኪዳን በዚህ መሐል ከወንበሩ ወርዳ የተሸለምኩትን የግድግዳ ሰዓት ካርቶን አግኝታለች፤ አፍንጫዋን አስጠግታ የተጻፈበትን ፊደል በጣቷ እየተከተለች ታነባለች። አስናቀች እንደ ልማዷ ልትነጥቃት እጇን ዘረጋችና መሐል መንገድ ላይ ተወችው። መነጽሯን አውልቃ በሻርፗ ጫፍ መወልወል ጀመረች። አፍንጫዋ ግራና ቀኝ ስርጉድ ብሎ ጠቁሯል።

«እኔስ ታዲያ?» አለችኝ፣ መነጽሯን እንዳወለቀች፣ ፊቴ አለበት ብላ ወዳሰበችው እያየች።